ብቻዋን የቆመች ጥርስ

ኤልዳና ያቺን ጥርስ ያየቻት ልጇ አሜን ማንኪያውን ልሳ ከጨረሰች በኋላ ነው።

ምግብ በሚመረምረው ማግኔት መስኮት ላይ «ማር» የሚል ስም ወጥቶ ነበር። ከስሙ ሥር ስዕሉ ተዘርግቷል፤ መሃል ላይ እንደ ማበጠሪያ ተጠጋግተው የሚቆሙት የስኳር ጥርሶች ሁሉ በየቦታቸው አሉ። ኤልዳና ስሙን ብቻ አይታ ማንኪያውን ለልጇ ሰጠች። ኋላ ብልቃጡን ልታወጣ እጇን ስትዘረጋ፣ በስዕሉ በስተቀኝ፣ ማር ምንም በማያበቅልበት ባዶ ሜዳ ላይ፣ አንዲት ቀጭን ጥርስ ብቻዋን ቆማ አየች። ከሥሯ «ያልታወቀ» ይላል።

«አሜን፣ ዋጥሽው?»

ልጅቱ አፏን ከፍታ ባዶ መሆኑን አሳየች። መድገም ፈልጋ ነበር።

በዚያ ዘመን ደብረ ብርሃን ውስጥ ስም ሳይወጣለት ቤት የሚገባ ነገር አልነበረም። በአያቶች ጊዜ ቅቤው ከሙዝ፣ በርበሬው ከሸክላ ዱቄት እየተቀላቀለ ይሸጥ ነበር ይባላል። ያኔ ሰው ይናደድና ይበላ ነበር። አሁን አይናደድም፤ ይመረምራል። በየቤቱ መግቢያ፣ ከጫማ ማስቀመጫው በላይ፣ የፕሮቶን ማግኔት ግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል። እናቶች ጠዋት ወተቱን፣ ከሰዓት ሽሮውን፣ ማታ መድኃኒቱን እየቆነጠሩ በቀጭን ብልቃጥ ያስገባሉ፤ ማግኔቱ ዝም ብሎ ይቆይና ጥርሶቹን ይደረድራል። ሰፈርተኛው ጥርስ ይላቸዋል። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያገኝ «ጥርሱ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ስለ ገዛው እህል ነው።

ኤልዳና የተማረችው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ የጥርስ ንባብ ግን ሁሉም ተማሪ የሚማረው ትምህርት ስለሆነ አልረሳችውም። እያንዳንዷ ጥርስ የሃይድሮጅን ድምፅ ናት። አጠገቧ ጎረቤት ሃይድሮጅን ያላት ትሰነጠቃለች፤ አንድ ጎረቤት ካላት ለሁለት፣ ሁለት ካሏት ለሦስት። ማር ቦክቶ እንደሆነ አልኮሉ ባለ ሦስትና ባለ አራት ስንጥቅ ጥርስ አብቅሎ ራሱን ያጋልጣል። ጎረቤት የሌላት ጥርስ ግን ሳትሰነጠቅ ቀጥ ብላ ትቆማለች። የቤት ማግኔት ምግብን የሚያውቀው ጥርሶቹን ከነቤተሰባቸው አይቶ ነው፤ ብቸኛ ጥርስ የማን ወገን እንደሆነች አትናገርም። ስኳር ልትሆን አትችልም። ታዲያ ምንድን ናት? ኤልዳና መድኃኒት አለች፣ የአረም መርዝ አለች፣ ሌላም ክፉ ክፉውን አሰበች። ሐሳቧ ሁልጊዜም መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ማሩን ያመጡት አማቷ እማማ ዘርፌ ናቸው። የአሜን ሳል አልለቅ አለ ሲባል ሰምተው፣ ከአንኮበር በኩል በጠዋቱ መኪና ተሳፍረው፣ ማሩን በትንሽ ቢጫ ጀሪካን ይዘው መጡ። አሁን ኮሪደሩ ላይ የእንግዳ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ፎቅ እንዲህ ያለ አግዳሚ አለው፤ እንግዳው፣ የያዘው ነገር ስም እስኪያገኝ ድረስ፣ እዚያ ተቀምጦ ይቆያል። ማንም አይቀየምበትም። በድሮ ጊዜ ደጅ ላይ ጫማ እንደማውለቅ ያለ ነገር ሆኗል።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ሴትየዋ ወደ ውስጥ አዩ።

«ምነው ቆየ? እኔን ነው ወይስ ማሩን ነው የምትመረምሩት?»

«ማሩን ነው እማማ።»

«እንግዲያው እኔ ልግባ፤ ማሩ ደጅ ይቆይ።»

ኤልዳና ለመሳቅ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ትንሽ ይታገሱኝ አለች፤ ማግኔቱ ዛሬ ዘገየ ብላ ዋሸች።

የሚያስጨንቃት የበሩ ነገር ነው። የሕንፃው በሮች ሲመሽ በራሳቸው ይቆለፋሉ፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ስም ካለው። ስም የሌለው ነገር ያለበት ቤት በሩ አይቆለፍም፤ አጣሪዎቹ ይገቡበታል። አጣሪዎቹ ትሑት ሰዎች ናቸው። ያልታወቀውን ነገር ይወስዳሉ፤ የበላው ሰው ካለ እሱንም ይወስዳሉ። የሚያቆዩበት ቦታ ማቆያ ይባላል። ክፉ ቦታ ነው የሚል ሰው አልተሰማም። ከአራተኛው ፎቅ አንድ ልጅ ተወስዶ፣ ወፍሮ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ግን ከእናቱ እጅ አይጎርስም።

አጣሪ እንዳይመጣ ማድረጊያው ሦስት ነው። አንደኛው ነገሩን ማወቅ። ሁለተኛው ያመጣውን ሰው ስም ጽፎ መላክ፤ ያኔ ጉዳዩ ሰውየውን ይከተላል፤ ቤቱ ነጻ ይሆናል፤ ሰውየው ግን ከዚያ ወዲያ ከተማው ውስጥ የትኛውም አግዳሚ ላይ አይቀመጥም፣ የትኛውም ደጅ አይከፈትለትም። ሦስተኛው «እቀበላለሁ» የሚለውን መንካት ነው። ያልታወቀው ነገር ጥቂት ከሆነ ባለቤቱ በራሱ ኃላፊነት ይቀበለዋል። ብዙ ሰው ሳያስብ ይነካዋል። ኤልዳና ግን እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ ነክታው አታውቅም። በዛሬዋ ጥርስ ላይ ደግሞ ማግኔቱ ያን ምርጫ ጭራሽ አላቀረበላትም፤ ጥርሷ ረጅም ነበረች።

ብልቃጡ ቆሽሾ ይሆናል ብላ አሰበች። ጠዋት ቅቤ መርምራበታለች። ቅቤ የነካው ብልቃጥ በውሃ አይጠራም፤ የሕንፃው ሴቶች በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያጥቡትና ደፍተው ያሳድሩታል። ኤልዳና ጠዋት እንዲሁ አጥባው ነበር። አሁን ደግማ አጠበችው፤ በጥንቃቄ፣ ከአፉ እስከ ቂጡ። ማሩን በጥቂት ውሃ በጥብጣ መለሰችው።

ጥርሷ አለች። እንዲያውም ረዝማለች።

እጇ ሥራውን አላቆመም። ብልቃጡን አጥባ ስኳር አስገባች። ጥርሷ አለች። አጥባ ጨው አስገባች። ጨው ሃይድሮጅን የለውም፤ በትምህርት ቤት ጨው በውሃ ተበጥብጦ ሲመረመር የሚታየው የውሃው ጥርስ ብቻ ነው ተብላ ተምራለች። ከውሃው ጥርስ አጠገብ ያቺው ብቸኛ ቆማለች። የቧንቧውን ውሃ ብቻውን አስገባች። አለች። ማሩ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ውሃው ነው? ሕንፃው ሁሉ ተመርዟል? ወይስ ማሩ የነካው ሁሉ ተመርዟል?

ብልቃጡን ደግማ አጥባ፣ አሜንን ጠርታ ውስጡ እንድትተፋ ነገረቻት። ልጅቱ ጨዋታ መስሏት ደጋግማ ተፋች። ኤልዳና ስዕሉን አይታ ጫማ ማስቀመጫው ላይ ተቀመጠች። ጥርሷ በልጇ ምራቅ ውስጥ አለች፤ ከቅድሙ ሁሉ ትረዝማለች።

ቆይታ ብልቃጡን አጠበችና የራሷን ምራቅ አስገባች።

አለች።

እሷ ማሩን አልቀመሰችም። ይህ እንዴት እንደሚሆን ብታስብ ብታስብ አልገባት አለ። ያልበላችው ነገር አፏ ውስጥ ምን ይሠራል? ሐሳቧን ከላይ ጀምራ ወደ ታች ብታወርደው፣ ከታች ጀምራ ወደ ላይ ብታወጣው፣ አንድ ቦታ ላይ ይበጠሳል። ምናልባት ከዱሮም አለ፤ ሁላችንም ውስጥ አለ፤ ዛሬ ነው የታየው አለች። ይህ ሐሳብ ከሁሉም የባሰ ነበርና ቶሎ ተወችው።

ለባሏ ደወለች። ዮናታን ሠመራ ነው የሚሠራው፤ በወር አንዴ ይመጣል። ነገሩን ስትነግረው መጀመሪያ ልጅቱን ወደ ሐኪም ውሰጃት አለ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያደርገው ለአጣሪዎቹ መንገር እንደሆነ አስታወሰችው። ቀጥሎ ለልጅቱ የሚበጀውን አድርጊ አለ። የእናቱን ስም ጽፎ መላክ እንደሚቻል ስትነግረው፣ ከጀርባው የማሽን ድምፅ ይሰማል።

«እናቴ ናት እኮ» አለ በመጨረሻ። ይህን ብሎ ላኪ አላለም፤ አትላኪም አላለም። ወዲያው ተረኛ ነኝ ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ኤልዳና መስኮቱ ላይ «ያመጣው ማነው?» ከሚለው ፊት ለፊት ቆመች። «ዘርፌ» ብላ ጻፈች። የአባታቸውንም ስም ጻፈች። ጣቷን ወደ «ላክ» አስጠግታ አየር ላይ አቆመችው። ደጅ ላይ አማቷ ከአንድ ሰው ጋር ያወራሉ። ከፊት ለፊት ቤት የምትኖረው ሶልያና ነበረች፤ ከሥራ ገብታ፣ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው አረፍ ብላለች። የአንኮበርን ብርድ ከደብረ ብርሃን ብርድ እያወዳደሩ ይከራከራሉ። እማማ ዘርፌ የናንተ ብርድ አጥንት አይገባም፣ ቆዳ ላይ ይጫወታል እንጂ ሲሉ፣ ሶልያና እየሳቀች በሩን ገፋ አድርጋ ራሷን አስገባች።

«ምነው አንቺ፣ ሴትየዋን አደረቅሻቸው?»

ኤልዳና በዓይኗ ወደ መስኮቱ አመለከተቻት። ሶልያና ስዕሉን አየች፤ ስሙ ተጽፎ አየች፤ ሳቋን ዋጠች። ኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እሷ ባለፈው ሳምንት ከዱቄት ጋር ያልታወቀ ነገር መቀበሏን ተናገረች።

«ይኸው ወፈርኩበት እንጂ አልሞትኩም። ተቀበያትና ተገላገይ።»

«አያቀርብልኝም። በዝቷል። አሜን በልታዋለች።»

ሶልያና አሜንን አየቻት፤ ልጅቱ መሬት ላይ ተቀምጣ አሻንጉሊቷን ብልቃጥ አስመስላ ታጥባለች። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው በይ አለችና ወደ ቤቷ ሄደች። ስትወጣ ከእማማ ዘርፌ ጋር አልተቀመጠችም። በሯ ሲዘጋ ተሰማ።

ኤልዳና አንዴ ብቻ ልሞክር አለች። ብልቃጡን ወደ መታጠቢያው ይዛ ሄደች፤ የማስለቀቂያውን ጠርሙስ ከፈተች፤ ያለውን ሁሉ አፈሰሰችበት። አሜን ተከትላት መጥታ ቀሚሷን ያዘች። እጇን ስባ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«እማዬ፣ የአክስቴን ሠርግ ትሸቻለሽ።»

«ምን?»

«የአክስቴን ሠርግ። ሁላችሁም ጥፍራችሁን ስትሠሩ። እኔን ያስልሻል ውጪ ስትሉኝ።»

ኤልዳና እጇን አሸተተች። ብልቃጡን አሸተተች። ለሽታው ለምዳው ኖሮ ቀኑን ሙሉ አልሰማችውም።

አሴቶን። ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ትምህርት ቤት ሰሌዳው ላይ ተስሎ ያየችው ትዝ አላት፤ መሃል ላይ አንድ ኦክስጅን የተሸከመ ካርቦን፣ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ሃይድሮጅን። ስድስቱም እኩል፣ ስድስቱም ጎረቤት የሌላቸው። ስድስቱም በአንድ ድምፅ፣ አንዲት ያልተሰነጠቀች ጥርስ። የቤት ማግኔት አሴቶንን አያውቀውም፤ ማን ይበላዋል? ያጠበችበት ነው የገባው። ሳይደርቅ፣ ሳያድር፣ እንግዳ ደጅ ቆሞብኝ ብላ ስለቸኮለች። ባጠበችው ቁጥር የረዘመው ለዚህ ነው።

መሳቅ ነበረባት። አልሳቀችም። እውነት እንዲህ ቀላል ይሆናል ብላ ተጠራጠረች፤ ቀላል ነገር አታምንም። የፀጉር ማድረቂያዋን አምጥታ ብልቃጡን ሙቀቱ እጇን እስኪያቃጥላት ነፋችበት። አሸተተችው። እንደገና ነፋችበት። ቀዝቅዞ ሽታ ሲያጣ ከጀሪካኑ አንድ ጠብታ ቀድታ በጠበጠችና አስገባች። ማግኔቱ ዝም ብሎ ቆየ። በቤቱ መስኮት የሚገባው የፀሐይ ብርሃን ወደ ቀይ ሄዷል።

«ማር» አለ። የስኳሮቹ ጥርሶች በየቦታቸው ቆሙ። በስተቀኝ ያለው ሜዳ ባዶ ነበር።

ባዶ ነበር ማለት አይቻልም። ብቸኛዋ ጥርስ ሄዳለች፤ እሷ ቆማበት ከነበረው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ግን አንድ እብጠት አለ። ጥርስ ለመባል አይበቃም፤ መሬት ውስጥ ያለ ድንጋይ ጫፉን እንዳወጣ ያህል ነው። ቅድም በረጅሟ ጥርስ ጥላ ተሸፍኖ አላየችውም። ከሥሩ «ያልታወቀ፣ ጥቂት» ይላል፤ ከዚያም «ይቀበላሉ?»

ኤልዳና ብልቃጡን አዙራ መለሰችው። እብጠቱ አለ። አላደገም፤ አልጠፋም። ይህኛው ከእሷ እጅ አይደለም።

በሩን ከፈተችው። እማማ ዘርፌ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል፤ ኮሪደሩ በርዷል። ይግቡ አለቻቸው። መግባት ደንቡ እንደማይፈቅድ ስለሚያውቁ አንድ እግራቸውን ብቻ አሻገሩና መስኮቱን ተመለከቱ። ኤልዳና በደነገጠ ፊት ዞረች፤ የጻፈችውን አላጠፋችውም ነበር።

«ይህ የእኔ ስም አይደለም?»

«ነው እማማ።»

«ከነአባቴ።» ወደ ኤልዳና ዞሩ። «እኔ ምን አድርጌ ነው?»

ኤልዳና መናገር ያለባትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች፤ ስለ ጥርሷ፣ ስለ ማስለቀቂያው፣ ስለ አጣሪዎቹ፣ አሜንን ይወስዱብኛል ብዬ ነው አለች። አልላክሁትም አለች። እማማ ዘርፌ ከዚህ ሁሉ የገባቸው ስንቱ እንደሆነ አይታወቅም። ፊታቸው ላይ ቅያሜ ይሁን ድካም ተቀምጧል። ኤልዳና ስሙን ከመጨረሻው ፊደል ጀምራ አጠፋችው። ቀጥላ እብጠቱን አሳየቻቸው፤ ምን ይመስልዎታል አለች፤ ንቦቹ ምን ቀስመው ነው?

«ንቦቹ የት እንደዋሉ እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ ሴትየዋ። «ማር ከወፍጮ አይወጣም።»

ይህ መልስ አይደለም። ኤልዳና መልስ ትፈልግ ነበር፤ የአበባ ስም፣ የዛፍ ስም፣ መጽሐፍ ላይ የሚገኝ ነገር። እማማ ዘርፌ ጀሪካኑን ከጫማ ማስቀመጫው ላይ አነሡና ግራ መዳፋቸውን ጎድጎድ አደረጉ። ከማሩ ጠብ አደረጉበት። መዳፋቸውን ወደ አፋቸው ወስደው ላሱት፤ ከዚያ ባዶውን መዳፍ ከፍተው አሳዩዋት።

ኤልዳና ምን እንደሚያደርጉ አልገባትም።

«ምን ታዪኛለሽ? እናቴ ለሰው ጠጅ ስትቀዳ እንዲህ ነበር። ቀጂዋ ቀድማ በመዳፏ ካልቀመሰች ማን ይጠጣል?»

«መርዝ ቢኖርስ?»

«ቀጂዋ ቀድማ ትሞታለቻ» አሉ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ፈገግ አሉ። «እኔ በበኩሌ መንገዱ ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ።»

ኮሪደሩ ላይ የሌሎቹ ቤቶች በሮች አንድ በአንድ መቆለፍ ጀመሩ። ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው ድምፅ ከታችኛው ፎቅ እየወጣ መጣ። የሶልያና በር ተቆለፈ። ኤልዳና ጣቷን ማሩ ውስጥ ነክራ ቀመሰችው። ጣፋጭ ነው፤ መጨረሻው ላይ መረር ይላል። መራራነቱ እብጠቱ ይሁን፣ ወይም ማር ሁሉ እንዲህ ይሁን፣ ሳትመረምር የቀመሰችው ማር ስለሌለ ማወዳደሪያ አልነበራትም።

አማቷን በክንዳቸው ይዛ ወደ ውስጥ ሳበቻቸው። ሁለተኛው እግራቸው ደፉን ተሻገረ። ጣቷን ወደ መስኮቱ አስጠጋች፤ ማር የነካው ጣቷ ነበርና መስተዋቱ ላይ ምልክት ተወ። «እቀበላለሁ» የሚለውን ነካች። ማግኔቱ ስም አስገቢ አላት። የራሷን ስም አስገባች።

ከውስጥ አሜን ሳለች። የበፊቱ ሳል ነው ወይስ ሌላ፣ ኤልዳና ጆሮዋን አቁማ ብትሰማም መለየት አልቻለችም። እማማ ዘርፌ ነጠላቸውን እያወለቁ ወደ ልጅቱ ሄዱ፤ ማንኪያ የት ነው የምታስቀምጪው ብለው ጠየቁ።

ኤልዳና ቆማ በሩን አየች። ቀጭ ብሎ ተቆለፈ።